ማታ የሚነሳ ዓሣ፦ ከካርዲናሎች የትኛው ለእናንተ ቤት ይሆናል?

ከሥራ የምገባው ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ መጀመሪያ የማየው የዓሣ ገንዳውን ነው። በዚያ ሰዓት የጎረቤቴ ዓሦች ድንጋይ ሥር ገብተው ተኝተዋል። የእኔዎቹ ግን ገና መነሳታቸው ነው።

ካርዲናል ይባላሉ። በሞቃታማ ባሕሮች፣ በተለይ በደሴቶች ዙሪያ ባሉ የኮራል ሪፎች (ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በሠሯቸው ድንጋያማ ቦታዎች) ውስጥ የሚኖሩ ትንንሽ ዓሦች ናቸው። አብዛኞቹ ከ10 ሴንቲሜትር አይበልጡም። ዓይናቸው ግን ለሰውነታቸው ትልቅ ነው፣ ምክንያቱም ሥራቸው ሌሊት ነው። ቀን ቀን ዋሻ ውስጥ ወይም በኮራል ቅርንጫፍ መሀል ተጠግተው ይውላሉ። ሲመሽ ይወጡና በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነፍሳትን ይለቅማሉ። ቤተሰቡ ከ350 በላይ ዝርያ አለው። ቀይ ባሕር ውስጥም ሞልተዋል። ሐዋይ ውስጥ ያሉትን ደግሞ የአገሬው ሰው ኡፓፓሉ ይላቸዋል።

ችግሩ የሚመጣው ሱቅ ስትገቡ ነው። አምስት ገንዳ ተደርድሯል፣ አራቱ ላይ «ካርዲናል» ተጽፏል። አንዱ ርካሽ ነው፣ ሌላው እጥፍ ያስከፍላል። አንዱ መሀል ገንዳ ላይ ቆሞ ይታያል፣ ሌላው ጭራው ብቻ ከድንጋይ ሥር ብቅ ብሏል። ሻጩን ብትጠይቁት ሁሉም ቆንጆ፣ ሁሉም ጠንካራ ነው። ሻጭ ሌላ ምን ይበል?

እኔ በዚህ ነገር ገንዘብም ዓሣም ከስሬአለሁ። ስለዚህ እስካሁን ያየሁትን እዚህ ላስቀምጥ። በነገራችን ላይ፣ ቤት እንግዳ ሲመጣ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይኼ ይበላል?» የሚል ነው። አይበላም። የጾም ዓሣ የፈለገ ሌላ ሱቅ ይሂድ።

መጀመሪያ መለኪያው

ቀለም መለኪያ አይደለም። ሱቅ ውስጥ በደማቅ መብራት ሥር የምታዩት መልክ ቤት ስትገቡ የምታዩት አይደለም። እኔ አምስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛው፣ ዓሣው የሚነቃበትና እናንተ ቤት የምትሆኑበት ሰዓት ይገጥማል ወይ? ቀን ቤት የሚውል ሰው የሌሊት ዓሣ ቢገዛ ድንጋይ ሲያይ ነው የሚውለው። ማታ ለሚገባ ሰው ግን ይኼ ጸባይ ጉድለት ሳይሆን ጥቅም ነው።

ሁለተኛው፣ የት ነው የተፈለፈለው? ከባሕር ተጠምዶ ነው ወይስ በሰው እጅ ተራብቶ? ለእኔ ከአምስቱ ትልቁ ጥያቄ ይኼ ነው። ለምን እንደሆነ ባንጋይ የሚባለው ካርዲናል ጋ ስንደርስ ይገባችኋል።

ሦስተኛው፣ ከራሱ ዓይነት ጋር ይስማማል ወይ? አንዳንዱ በመንጋ ካልሆነ ይፈራል። አንዳንዱ ሁለተኛ ሲጨመርበት ጠብ ይጀምራል።

አራተኛው፣ ምን ይበላል፣ ማንንስ ይበላል? ካርዲናሎች ኮራል አይነኩም። አፋቸው ግን ሰፊ ነው። ትንንሽ ጌጠኛ ሽሪምፖች ካሏችሁ ሌሊት ሌሊት ቁጥራቸው ሊቀንስ ይችላል።

አምስተኛው ጠቅላላ ወጪው ነው። የዓሣው ዋጋ ከወጪው ሁሉ ትንሹ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው። 150 ሊትር ገንዳ ለመሙላት ከ5 ኪሎ በላይ የአኳሪየም ጨው ያስፈልጋል። በየሳምንቱ ከውኃው አንድ አሥረኛውን ስትቀይሩ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ያህል ይሄዳል። ማሞቂያ፣ ፓምፕ፣ መብራት፣ ድንጋይ፣ የተጣራ ውኃ አለ። ይኼን ሁሉ ላወጣ ሰው በሁለት ዓሦች መሀል ያለው የዋጋ ልዩነት ኢምንት ነው። ዓሣ ላይ አትቆጥቡ።

አሁን እያንዳንዳቸውን እንያቸው።

ፒጃማ ካርዲናል

ስሙ ቀልድ ይመስላል። ዓሣውን ስታዩት ግን ትክክል ነው። ፊቱ ቢጫ ነው፣ መሀሉን ጥቁር መቀነት ታጥቋል። ከመቀነቱ ኋላ ያለው ሰውነቱ ነጠብጣብ የተረጨበት የሌሊት ልብስ ይመስላል። ዓይኑ ቀይ ነው። እስከ 8 ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል። አገሩ ምዕራብ ፓሲፊክ ነው፤ ከጃቫ እስከ ፊጂ፣ ወደ ሰሜን እስከ ደቡብ ጃፓን ደሴቶች።

ቀን በኮራል ቅርንጫፎች መሀል በቡድን ቆሞ ይውላል። «ቆሞ» ያልኩት በምክንያት ነው። አይዋኝም ማለት ይቻላል። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ነው የሚመስለው። ግን አይደበቅም፤ ቀንም ታዩታላችሁ። ሲመሽ ቡድኑ ይበተናል፣ እያንዳንዱ ወደ ታች ወርዶ ምግቡን ይፈልጋል።

በጸባይ ከሁሉም የዋሁ እሱ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ሆኖ 150 ሊትር ገንዳ ውስጥ በሰላም ይኖራል። አልፎ አልፎ ይገፋፋሉ፣ ከዚያ ያለፈ ጠብ ግን አላየሁም። በበረዶ የተያዘ ማይሲስ (ለዓሣ ምግብነት የሚሸጥ ሽሪምፕ መሳይ ጥቃቅን እንስሳ) ቶሎ ይለምዳል። ብዙዎቹ ደረቅ ምግብም ይበላሉ።

ደካማ ጎኑ ቀርፋፋነቱ ነው። ፈጣንና ጉልበተኛ ዓሦች ጋር ከተቀመጠ ምግቡን ይቀሙታል። እሱም አይታገልም፤ ዝም ብሎ ይከሳል።

ዋጋው ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ነው። በሰው እጅ የተራባም ገበያ ላይ አለ። ከባሕር የተጠመደውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው። ለጀማሪ አንድ ዓሣ ብቻ ጥቀስ ብትሉኝ ፒጃማን ነው የምጠቅሰው፣ ሳላመነታ።

ባንጋይ ካርዲናል

እዚህ ጋ ረዘም ልበል፣ ይኼ ዓሣ ታሪክ አለው።

መልኩ ያለ ጥርጥር ከሁሉም ይበልጣል። ብርማ ሰውነት፣ ጥቁር ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ እንደ ከዋክብት የተበተኑ ነጭ ነጠብጣቦች፣ ረጃጅም ክንፎች። ርዝመቱ ከ8 ሴንቲሜትር አይበልጥም።

በተፈጥሮ የሚገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ከሱላዌሲ በስተምሥራቅ ባሉት የባንጋይ ደሴቶች። ዋልተር ካውደርን የተባለ ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ1920 ናሙና ሰብስቦ ነበር። ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ1933 ነው፣ የካውደርንንም ስም ወርሷል። ከዚያ ለአሥርተ ዓመታት ማንም አላስታወሰውም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጄራልድ አለን የተባለው የዓሣ ተመራማሪ እንደገና ለዓለም አሳየው። ያኔ የአኳሪየም ገበያው ተንጋጋበት። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች ይጠመድ ጀመር።

ለምን ይኼ ያሰጋል? ብዙ የሪፍ ዓሦች ጫጩታቸውን ለባሕር ሞገድ ይለቁታል፣ ሞገዱም ወደ ሩቅ ደሴት ያደርሰዋል። የባንጋይ ጫጩት ግን የትም አይሄድም። ወንዱ እንቁላሉን በአፉ ይዞ ያሳድጋል። ከተፈለፈሉም በኋላ አፉ ውስጥ ያቆያቸዋል። በአጠቃላይ አንድ ወር ያህል ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉ አይበላም። ፍልሰታ 15 ቀን ነው፤ የዚህ አባት ጾም የዚያ እጥፍ ነው። በመጨረሻ ሲተፋቸው አባታቸውን የሚመስሉ፣ 1 ሴንቲሜትር የማይሞሉ ትንንሽ ባንጋዮች ይወጣሉ። ወዲያው በቅርብ ያለ የባሕር ጃርት እሾህ መሀል ይገባሉ። እዚያው ያድጋሉ፣ እዚያው ያረጃሉ። ስለዚህ ከአንድ ቦታ ተጠርገው ከተወሰዱ ከሌላ ደሴት መጥቶ የሚተካቸው የለም።

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ለመጥፋት የተቃረቡ ከሚባሉት ጎራ መዘገበው። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2016 ሥጋት ላይ ካሉ ዝርያዎች ተርታ አስገባችው። አሜሪካ ያላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት አሁን ያለውን ደንብ እዩ፣ ሻጩ በቃሉ የሚነግራችሁ አይበቃም።

ሌላም ችግር አለ። ከባሕር የተጠመዱ ባንጋዮች ላይ ኢሪዶቫይረስ የሚባል በሽታ በብዛት ታይቷል። መድኃኒት የለውም። ዓሣው ምግብ ያቆማል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ይጥላል፣ ከዚያ ይሞታል።

የመጀመሪያዎቹን ባንጋዮቼን የገዛሁት በቅናሽ ነበር። አራት ነበሩ። የት እንደተፈለፈሉ አልጠየቅሁም። ሦስተኛው ሳምንት ሳያልቅ ሦስቱ ሞቱ፣ ልክ ከላይ በጻፍኩት አኳኋን። አራተኛውም ብዙ አልቆየም። ሻጩን ስጠይቀው «ውኃህ ነው» አለኝ። ውኃውን ሦስት ጊዜ ለካሁት። ውኃዬ አልነበረም።

አሁን ያሉኝ ሁለቱ በሰው እጅ የተራቡ ናቸው። ከፍ ያለ ዋጋ ከፈልኩ። በገቡ ማግሥት በሉ። ልዩነቱ ይኼው ነው።

ጸባዩን በተመለከተ አንድ ነገር እወቁ። ባንጋይ ከዘመዶቹ ይለያል፤ ቀንም ንቁ ነው። ስለዚህ ቀን ቤት ለምትውሉ ይመቻል። ነገር ግን የዋህ ፊቱ አያታልላችሁ። አምስት ስድስት ትንንሽ ባንጋዮች ገዝታችሁ ጠባብ ገንዳ ውስጥ ብታስገቡ መጀመሪያ በአንድነት ይቆማሉ። አድገው ሁለቱ ሲጣመሩ ግን የቀሩትን አንድ በአንድ ያሳድዳሉ። መጨረሻ ላይ ሁለት ይቀሯችኋል። ወንድና ሴቱን በዓይን መለየት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የተጣመሩ መሆናቸው የታወቀ ጥንድ ፈልጉ። ለጥንድ 110 ሊትር ይበቃል።

ቤት ውስጥ ማራባት ለሚፈልግ ደግሞ ከባሕር ዓሦች ሁሉ ቀላሉ እሱ ነው ብል አላጋንንም። ጫጩቶቹ እንደወጡ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ ይበላሉ። አርቴሚያ ማለት በጨው ውኃ ጠርሙስ ውስጥ በአንድ ሁለት ቀን የሚፈለፈል ጥቃቅን ሽሪምፕ ነው። የፒጃማ ጫጩት ግን ሌላ ነገር ነው። ከአባቱ አፍ ሲወጣ ደቃቃ ነው፣ ለሳምንታት ይንሳፈፋል፣ ከዓይን የሚያመልጥ ሕያው ምግብ ይፈልጋል። እሱን ለባለሙያ ተዉለት።

ትሬድፊን ካርዲናል

ይኼ የቀይ ባሕር ልጅ ነው። ከቀይ ባሕር ጀምሮ እስከ ምዕራብ ፓሲፊክ ደሴቶች ይገኛል። ሰውነቱ መስታወት ነው፣ አጥንቱ ይታያል። ዓይኑ ሰማያዊ ነው። ጀርባው ላይ አንድ ረጅም ክር ተሰክቷል፣ ስሙም ከዚያ ነው። ርዝመቱ 6 ሴንቲሜትር ገደማ።

አንድ ብቻውን ምንም አይደለም። እንደውም ያሳዝናል። ሰባት ስምንት ሲሆኑ ግን ሌላ ነገር ናቸው። መብራቱ ወደ ሰማያዊ ሲዞር አንድ ላይ ከኮራሉ ይወጣሉ፣ ዓይኖቻቸው ብቻ ጨለማ ውስጥ ይብለጨለጫሉ። ማታ ደክሞት ለሚገባ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

ግን ስስ ዓሣ ነው። በጉዞ ይጎዳል፤ ከደረሱት ውስጥ በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂቶቹ ሊሞቱ ይችላሉ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መመገብ አለበት። ከ150 ሊትር በታች አይሆንም፣ 200 ቢሆን ይሻላል። ገንዳው ቢያንስ ግማሽ ዓመት የቆየ፣ የተረጋጋ መሆን አለበት። የአንዱ ዋጋ ብዙ አይደለም፤ በስምንት ስታባዙት ግን ይከብዳል።

እስራኤል ውስጥ፣ ቀይ ባሕር ዳር ያለችው ኢላት አካባቢ ላላችሁ አንድ ነገር፦ ካርዲናሎች እዚያው ባሕር ውስጥ አሉ። መነጽርና መተንፈሻ ይዛችሁ ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከተከለለው ሪፍ ምንም ነገር ማውጣት ግን በሕግ የተከለከለ ነው።

ፍሌም ካርዲናል

ቀይ ነው። እውነተኛ ቀይ፣ እንደ በርበሬ። ዓይኑን የሚያቋርጡ ሁለት ነጭ መስመሮች አሉት። ጭራው አጠገብ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ከካሪቢያን ደሴቶችና ከፍሎሪዳ እስከ ብራዚል ይገኛል። እስከ 11 ሴንቲሜትር ሊደርስ ይችላል።

ከአራቱ ካርዲናሎች እውነተኛው የሌሊት ዓሣ ይኼ ነው። ቀን ዋሻው ውስጥ ነው። ብትለምኑትም አይወጣም። ልጆች ላሉበት ቤት አልመክረውም፤ «ዓሣው የታለ?» ሲሉ ይውላሉ። ብቻውን ይሁን። ጠባብ ገንዳ ውስጥ ሁለት ካደረጋችሁ ይጣላሉ። ጥንካሬው ግን የሚያስገርም ነው፤ ሲለምድ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፣ ትንሽ ሽሪምፕ ጭምር።

ባትሪ ዓሣ

ካርዲናል አይደለም። ሱቅ ውስጥ ግን አጠገባቸው ተቀምጦ ሰው ስለሚያታልል ላንሳው። ሻጮች ፍላሽላይት ይሉታል፣ እኔ ባትሪ ዓሣ እለዋለሁ። ከዓይኑ ሥር ባቄላ የመሰለ ነገር አለ። እዚያ ውስጥ የሚያበሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ዓሣው ብርሃኑን እንደ መጋረጃ ይከፍታል ይዘጋል። አንዱ ዓይነት የሚዘጋው በቆዳ ክዳን ነው፣ ሌላው ደግሞ የሚያበራውን ባቄላ ወደ ውስጥ አዙሮ። የቀይ ባሕር ዝርያም አለ።

ያምራል? በጣም። ለቤት ይሆናል? ለእኔ አይሆንም። ደማቅ ብርሃን ያስጨንቀዋል፣ ስለዚህ ኮራል ካለበት ገንዳ ጋር አይሄድም። ለብቻው ጨለማ ገንዳና ጨለማ ክፍል ይፈልጋል። በደንብ ካልበላ ብርሃኑ እየደከመ ይሄዳል። ዋጋው ከካርዲናሎቹ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አንዱ ዝርያ ደግሞ ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል። የመጀመሪያ ዓሣችሁ አታድርጉት፣ ሁለተኛም።

በአንድ እይታ

| ዓሣው | መጠን | ቀን ይታያል? | ስንት ሆኖ? | ቢያንስ ገንዳ | በሰው እጅ የተራባ | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ፒጃማ | 8 ሳ.ሜ. | አዎ፣ ግን ቆሞ | 3–5 | 150 ሊትር | አለ | ዝቅተኛ |
| ባንጋይ | 8 ሳ.ሜ. | አዎ፣ ንቁ ነው | ጥንድ | 110 ሊትር | አለ፣ ይኼንኑ ብቻ ግዙ | መካከለኛ |
| ትሬድፊን | 6 ሳ.ሜ. | በከፊል | 7 እና በላይ | 150–200 ሊትር | በአብዛኛው ከባሕር | ለመንጋው ከፍተኛ |
| ፍሌም | እስከ 11 ሳ.ሜ. | አይታይም | 1 | 110 ሊትር | በአብዛኛው ከባሕር | ዝቅተኛ |
| ባትሪ ዓሣ | እንደ ዝርያው | አይታይም | ቡድን | ትልቅና ጨለማ | ከባሕር | በጣም ከፍተኛ |

እናንተ የትኛው ናችሁ?

ይኼ የመጀመሪያ የባሕር ገንዳችሁ ከሆነ፣ ገንዘቡም ልክ ካለው፣ ሦስት ፒጃማ። ሌላ አትጨምሩ። ስድስት ወር ተማሩበት።

ልጆች ካሏችሁ በሰው እጅ የተራቡ የባንጋይ ጥንድ። ቀን ይታያሉ፣ ከዚያ አባትየው አገጩ አብጦ መብላት ሲያቆም ልጆቹ ቀን መቁጠር ይጀምራሉ። የእኔ እህት ልጅ ግድግዳ ላይ ጭረት እያስቀመጠ ነበር የቆጠረው። 27ኛው ቀን ላይ ወጡ።

የምሽት ፈረቃ ሠራተኛ ከሆናችሁ፣ ልምድም ካላችሁ፣ የትሬድፊን መንጋ። ልምድ ከሌላችሁ ፒጃማው ይበቃችኋል፣ እሱም ማታ ሌላ ዓሣ ነው።

ቦታ ጠቦባችሁ አንድ ዓሣ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ሌሊት ቁጭ ብላችሁ የምታዩ ከሆነ ደግሞ፣ ፍሌም።

ማታ ለማየት የመብራት ዘዴ አለው። ነጩን መብራት ጠዋት ዘግይታችሁ አብሩት፣ ታይመር አድርጉበት። ማታ 2 ሰዓት ላይ ነጩ ይጥፋ፣ ደብዛዛ ሰማያዊ ይቅር፣ እስከ 5 ሰዓት ይቆይ። ምግቡንም ያኔ ስጡ። ሙሉ በሙሉ ከጨለመ በኋላ ማየት ከፈለጋችሁ ቀይ ብርሃን ተጠቀሙ፣ ብዙም አይረብሻቸውም። የስልክ ባትሪ ግን ተዉ። ድንገት ስታበሩት ደንግጠው ከመስታወቱ ጋር ይጋጫሉ።

ዱባይና ሪያድ፣ አዲስ አበባም

ዓረብ አገር ላላችሁ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። እነዚህ ዓሦች ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይመቻቸዋል። ለእረፍት አገር ቤት ስትሄዱ ኤሲውን አጥፍታችሁ ከሄዳችሁ በሙቀቱ ወራት ውኃው ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ያኔ ውኃው ኦክስጅን መያዝ ያቅተዋል። ወይ የውኃ ማቀዝቀዣ ግዙ፣ ወይ ኤሲው እየሠራ ይቆይ፣ ወይ ቁልፍ የሚቀበል ጓደኛ ፈልጉ። የኤሌክትሪኩን ወጪ ከዓሣው ዋጋ ጋር ደምሩት።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ያንሳል። ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ የውኃውን ገጽ የሚያናውጥ ጠንከር ያለ ፓምፕ ግድ ነው፣ የዓሣውንም ቁጥር ከላይ ከጻፍኩት ቀንሱ። ማሞቂያም ያስፈልጋል፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። መብራት ሲሄድ የሚነሳ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከሌላችሁ አትጀምሩት። ጨውና ሕያው ድንጋይ (ባክቴሪያና ጥቃቅን ፍጥረታት የሚኖሩበት የሪፍ ድንጋይ) ማግኘትም ሌላ ጣጣ ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ሆኖ ትሬድፊን የሚያስብ ሰው ካለ፣ አይሆንም ብዬዋለሁ። ፒጃማ፣ ሁለት ወይ ሦስት።

ሱቅ ስትሄዱ

ገንዳው ሳይዘጋጅ አትሂዱ። አዲስ ገንዳ ቆሻሻውን የሚያጸዳው ባክቴሪያ እስኪራባበት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ የዓሣው ኩስ የሚያወጣው አሞኒያ የሚያጸዳው ስለሌለ ዓሣውን ይገድለዋል። አሞኒያና ናይትራይት (ባክቴሪያው አሞኒያውን ሲለውጥ የሚወጣው ሌላ መርዝ) ሁለቱም ዜሮ እስኪሆኑ ለኩ።

ከዚያ ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁ። የት ተፈለፈለ? ስንት ቀን እዚህ ቆየ? ምን ይበላል? ለመጀመሪያው ጥያቄ «ከእስያ ነው የመጣው» የሚል መልስ መልስ አይደለም። ከባሕርም ከእርባታም ከእስያ ይመጣል።

ዓሣውን ራሱን ደግሞ እዩ። ሆዱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከጭንቅላቱ ኋላ ጀርባው ከሰላ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ተዉት። ከሌሎቹ ተለይቶ ጥግ ላይ የቆመውንም ተዉት። «አሳዘነኝ» ብላችሁ እንዳትገዙት፣ እኔ ገዝቼ አውቀዋለሁ።

ቤት ስትገቡ ቀጥታ ዋናው ገንዳ ውስጥ አታስገቡት። 40 ሊትር ያህል የምትይዝ ማቆያ ገንዳ፣ ማሞቂያና የተቆረጠ የፕላስቲክ ቱቦ መደበቂያ ይበቃል። አንድ ወር እዚያ ይቆይ። የእኔን አራት ባንጋዮች ቀጥታ አስገብቼ ቢሆን ኖሮ ሌሎቹንም ባጣሁ ነበር። ያዳነኝ ማቆያዋ ብቻ ነች።

የመጨረሻው ፈተና ይኼ ነው፦ ሻጩ እፊታችሁ ማይሲስ ይጣልለት። ከበላ ግዙት። ካልበላ ቀብድ ክፈሉና በሳምንቱ ተመለሱ፣ ቢቻል ወደ ማታ ሱቁ ሊዘጋ ሲል። ያኔ መብራቱ ይቀንሳል፣ ዓሣውም ይራባል።